ኻንፉ፦ ወደ ጓንዡ ለሚሄድ ሰው የሚሆን የታሪክ መመሪያ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ በከተሞቻችን ውስጥ ቻይና ደርሶ የመጣ ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። "ቻይና ሄደ" ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ቤጂንግ አይደለም፤ ጓንዡ ነው። ነጋዴው ከቦሌ ይነሳል፣ እዚያ ይወርዳል፣ ናሙና ያያል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ኮንቴይነር ይሞላል፣ ይመለሳል። ከተማዋን የሚያውቃት በገበያዋ፣ ባደረበት ሆቴልና በዕቃ ላኪው ቢሮ ነው።

ይህ ነጋዴ የሚረግጠው መሬት ግን ከ1,200 ዓመት በፊት የባስራ፣ የሲራፍና የዑማን ሙስሊም ነጋዴዎች የረገጡት ነው። ያኔ ዐረቦች ከተማዋን "ኻንፉ" ይሏት ነበር። በውስጧ ቃዲ ነበረ፤ የዒድ ሰላት ይሰገድባት፣ ኹጥባ ይደረግባት ነበር። እነዚያ ነጋዴዎች በዚያች ከተማ ተከብረው ኖረዋል፣ በድለዋል፣ ተበድለዋል፣ በመጨረሻም በጅምላ ተጨፍጭፈውባታል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ተመልሰው መጥተዋል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሁለት ሰዎችን አስበን ነው። አንዱ ለንግድ ወይም ለትምህርት ወደ ጓንዡ የሚሄደው ወጣት ነው። ሌላው ስለ ቻይና ሙስሊሞች በየስልኩ የሚዞረውን ወሬ እየሰማ የትኛው እውነት የትኛው ተረት እንደሆነ መለየት የቸገረው ነው። "ሒጅራ" ካላልን በስተቀር የጠቀስናቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ የት ናት?

ጓንዡ በደቡብ ቻይና የምትገኝ፣ የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። ከሆንግ ኮንግ በስተሰሜን ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የነዋሪዋ ቁጥር ከ18 ሚሊዮን በላይ ነበር። አውሮፓውያን ለረጅም ዘመን "ካንቶን" ሲሏት ኖረዋል።

ሀብቷ የመጣው ከወንዟ ነው። ሰዎቿ የዕንቁ ወንዝ የሚሉት ውሃ ከተማዋን አልፎ ወደ ደቡብ ቻይና ባሕር ይፈሳል። ከውቅያኖስ የመጣ መርከብ በወንዙ ሽቅብ ገብቶ ከማዕበል ተጠልሎ ዕቃውን ያራግፋል። ከመሀል አገር በጀልባ የሚወርደው ሐርና ሸክላም እዚያው ይደርሳል። ባሕሩና አገሩ የሚገናኙበት በር ማለት ነው። ሥርወ መንግሥታት ሲለዋወጡ ይህ በር አንዳንዴ ተዘግቷል፣ አንዳንዴም ተቃጥሏል። ነገር ግን ቦታው ስለሚያስገድድ ሁልጊዜ ተመልሶ ይከፈታል።

ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ የተቀበሩት ቻይና ነውን?

ጓንዡ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር።

በከተማዋ ከዩዌሺዩ መናፈሻ አቅራቢያ፣ በዛፎች ጥላ ውስጥ ያለ አንድ ጥንታዊ መቃብር አለ። በትንሽ ጉልላት የተሸፈነ ነው፤ ውስጡ የተነገረ ድምፅ ስለሚያስተጋባ የአካባቢው ሰው "የማሚቶ መቃብር" ይለዋል። የቻይና ሙስሊሞች ትውፊት እዚያ የተቀበሩት ታላቁ ሶሓባ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ናቸው ይላል። በአንዳንዱ ትረካ ደግሞ ወደ ቻይና የተሻገሩት ከሐበሻ ምድር በመርከብ ተነስተው ነው። ይህን የሰማ የእኛ አገር ወጣት ደስ ቢለው አይፈረድበትም።

የታሪክ መዛግብት ግን ሌላ ነው የሚሉት። ሰዕድ የቃዲሲያ ጦርነት አዝማችና የኩፋ ከተማ መሥራች ናቸው። በታወቀው ዘገባ መሠረት በ55ኛው ዓመተ ሒጅራ አካባቢ ከመዲና ወጣ ብሎ በሚገኘው በዐቂቅ ሞቱ፤ አስከሬናቸውም ወደ መዲና ተወስዶ በበቂዕ ተቀበረ። ወደ ሐበሻ በተሰደዱት ሰዎች ዝርዝር ውስጥም የምናገኘው ወንድማቸውን ዓሚር ኢብኑ አቢ ወቃስን ነው።

ታዲያ በጓንዡ የተቀበረው ማን ነው? ቀደም ብሎ ወደ ከተማዋ የመጣ የተከበረ ሙስሊም መሆኑ ያስኬዳል። ቻይናውያን ሙስሊሞች ያን የመጀመሪያ ሰው ሲያስቡ የሚያውቁትን ትልቅ ስም ሰጡት። የራሳቸው ቋንቋ ቻይንኛ የሆነ፣ በብዙ መቶ ሚሊዮን ሕዝብ መካከል ጥቂት ሆነው የኖሩ ሰዎች "እኛም ከሶሓባዎች ጋር የሚያገናኘን ክር አለን" ማለታቸው የሚያስቀይም አይደለም። እኛ ግን መቃብሩን በአክብሮት እያየን፣ የማናውቀውን እንደምናውቅ አድርገን ማስተላለፍ የለብንም።

በማስረጃ የሚታወቀው ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። የታንግ ሥርወ መንግሥት ዜና መዋዕል በ651 (በ31ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ) ከ"ዳሺ"፣ ማለትም ከዐረቦች አገር፣ መልእክተኛ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ መጣ ይላል። መሪያቸው የሚጠራበትን ስም የቻይና ጸሐፊዎች በራሳቸው አነባበብ ሲጽፉት "አሚረል ሙእሚኒን" የሚለውን ቃል አስመስለው ነው። መልእክተኛው እስከዚያ ጊዜ ሦስት መሪዎች መፈራረቃቸውን ተናግሯል ይላል መዝገቡ። ዘመኑ የሦስተኛው ኸሊፋ የዑስማን (ረዲየላሁ ዐንሁ) ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ ገና ሃያ ዓመት አልሞላም ነበር።

የነፋስ መንገድ

እስልምና ወደ ጓንዡ የገባው በጦር አይደለም። ያመጣው ነፋስና ንግድ ነው።

በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነፋሱ ግማሹን ዓመት ከሰሜን ምሥራቅ፣ ግማሹን ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። ይህን የነፋስ ወቅት የሚያውቅ መርከበኛ ከባስራና ከሲራፍ ዕቃ ጭኖ በመስቀጥ በኩል ይወጣል። በ851 በዐረብኛ የተጻፈው "አኽባሩ ሲን ወል ሂንድ" የተባለው መጽሐፍ ጉዞውን ደረጃ በደረጃ ይነግረናል። ከመስቀጥ እስከ ደቡብ ሕንድ ወር ያህል፣ ከዚያ እስከ ማላይ ባሕረ ገብ ምድር ሌላ ወር፣ ከዚያ በቬትናም ጠረፍ አድርጎ እስከ ኻንፉ። የመልሱን ነፋስ ጠብቆ መመለስ ስላለ አንድ የንግድ ጉዞ ከዓመት በላይ ይፈጃል። ቤተሰቡን የተሰናበተ ሰው በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በሕይወት መኖሩ አይታወቅም።

እነዚያ መርከቦች ምን ይመስሉ እንደነበር የምናውቅበት አንድ አስደናቂ ግኝት አለ። በ1998 በኢንዶኔዥያ የቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ የሰመጠ መርከብ ተገኘ። ሳንቃዎቹ በሚስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ ናቸው፤ ይህም የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ የአሠራር ዘዴ ነው። ከሆዱ 60,000 ገደማ ዕቃ ወጣ፤ አብዛኛው የቻይና ሸክላ ሳህን ነው። አንዱ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ከ826 ጋር የሚገጥም የቻይና ዓመት ተጽፎበታል። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የቻይና ሸክላ ሠሪዎች ዐረብኛ ፊደል ለመምሰል የሞከሩት ጌጥ አለ። ደንበኛው የሚወደውን አይቶ መሥራት ያኔም ነበረ ማለት ነው! ዕቃው ዛሬ ሲንጋፖር በሚገኘው የእስያ ሥልጣኔዎች ሙዚየም ይታያል።

በዚህ መንገድ በተቃራኒው የመጣ አንድ ቻይናዊም አለ። ዱ ሁዋን ይባላል። በ751 በታላስ ወንዝ አጠገብ የዐባሲያ ጦር የቻይናን ሠራዊት ሲያሸንፍ ተማረከ። አሥር ዓመት ገደማ በሙስሊሞች አገር ኖሮ በ762 በንግድ መርከብ ወደ ጓንዡ ተመለሰና ያየውን ጻፈ። መጽሐፉ ጠፍቶ ዘመዱ የጠቀሳቸው ጥቂት ገጾች ብቻ ቀርተዋል። በእነዚህ ውስጥ ሙስሊሞች በቀን አምስት ጊዜ እንደሚሰግዱ፣ አስካሪ መጠጥ እንደማይጠጡ፣ ሴቶች ከቤት ሲወጡ ፊታቸውን እንደሚሸፍኑ ጽፏል። "ሞሊን" ስለሚባል የጥቁር ሕዝብ አገርም ያወራል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህ አገር የኤርትራ ጠረፍና የአክሱም ምድር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሌላ ቦታ ይጠቁማሉ። ክርክሩ አልተዘጋም።

የኻንፉ ቃዲ

አኽባሩ ሲን ወል ሂንድ ስለ ኻንፉ የሚነግረን ትልቁ ነገር የሕግ ጉዳይ ነው። የቻይናው ንጉሥ በዚያች ከተማ ባሉ ሙስሊሞች ላይ የሚፈርድ አንድ ሙስሊም ሾሞ ነበር። ይህ ሰው በሸሪዓ ይፈርዳል፣ በዒድ ቀን ያሰግዳል፣ ኹጥባ ያደርጋል፣ ለሙስሊሞች መሪም ዱዓ ያደርጋል። የዒራቅ ነጋዴዎች ፍርዱ ትክክል ስለሆነ አይቃወሙትም ይላል መጽሐፉ።

የጉምሩኩ አሠራር ደግሞ ለዛሬው አስመጪ እንግዳ አይሆንበትም። መርከብ ሲደርስ ዕቃው በመንግሥት መጋዘን ይገባል። የወቅቱ የመጨረሻ መርከብ እስኪገባ ድረስ እስከ ስድስት ወር ይቆለፍበታል። ከዚያ መንግሥት ከአሥር ሦስት እጁን ይወስዳል፣ ቀሪውን ለባለቤቱ ይመልሳል። ሠላሳ በመቶ ማለት ነው። ወደ መሀል አገር የሚጓዝ ነጋዴም ማንነቱንና የያዘውን ገንዘብና ዕቃ የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ ንብረቱ ቢጠፋ ወይም ቢሞት እንዲታወቅ።

ነጋዴዎቹ ያዩትን ሁሉ አልወደዱትም። ውሃው ከውጭ እስኪታይ ድረስ የሳሳውን የሸክላ ዕቃ አደነቁ። በፈላ ውሃ ተነክሮ የሚጠጣ መራራ ቅጠል አዩ፤ ሻይ ነው። ቻይናውያን ከመጸዳጃ በኋላ በውሃ ሳይሆን በወረቀት መጠቀማቸውን ግን በግርምትና በመጸየፍ ጻፉት። ዛሬ ጓንዡ የሚወርድ ወንድማችንም ይህ ቅሬታ ይገባዋል ብለን እናስባለን!

ኋላ መጽሐፉን ያሟላው አቡ ዘይድ አስ ሲራፊ አንድ ታሪክ ያክላል። ከኹራሳን የመጣ ነጋዴ በኻንፉ ከንጉሡ ጃንደረባ ጋር በዝሆን ጥርስና በሌላ ዕቃ ተጣላ። ጃንደረባው ባለሥልጣን ስለነበር ምርጥ ምርጡን በግድ ወሰደበት። ነጋዴው ዝም አላለም። ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ተጉዞ ወደ ዋና ከተማዋ ሄደና አቤት አለ። ንጉሡ ጉዳዩን አስመረመረ፤ እውነት ሆኖ ተገኘ። ጃንደረባው ሀብቱ ተወረሰ፣ ከሥልጣኑ ተሻረ፣ የነገሥታትን መቃብር እንዲጠብቅም ተላከ። የሩቅ አገር ሰው በአንድ ቱባ ባለሥልጣን ላይ ተፈረደለት ማለት ነው። አቡ ዘይድ ይህን የሚያወራው ግን በሐዘን ነው፤ እርሱ በሚጽፍበት ጊዜ ያ ሥርዓት ፈርሶ ነበርና።

ሁለቱ እሳቶች

የመጀመሪያው እሳት የእኛው ሰዎች የለኮሱት ነው። በ758 ዐረቦችና ፋርሶች ጓንዡን ወረሩ ይላል የታንግ መዝገብ። መጋዘን ዘረፉ፣ ቤቶችን አቃጠሉ፣ በመርከባቸው ተሳፍረው ሄዱ። የከተማዋ ገዢ ጥሎ ሸሸ። በዚያ ጊዜ ቻይና በትልቅ አመፅ ትታመስ ስለነበር ጥበቃው ላልቶ ነበር። ዋጋው ግን ከባድ ሆነ፤ ለብዙ ዓመታት የውጭ ንግዱ ወደ ሌላ ወደብ፣ ወደ ዛሬዋ ሰሜን ቬትናም አካባቢ፣ ዞረ። እንግዳ ሆነው የበሉበትን ቤት ያቃጠሉት ጥቂቶች ናቸው፤ የከሰሩት ግን በሐላል የሚነግዱት ሁሉ ነበሩ። ይህን ክፍል ዘለን ብናልፈው ታሪክ አይሆንም ነበር።

ሁለተኛው እሳት በ879 መጣ። ሁዋንግ ቻኦ የተባለ አመፀኛ ከተማዋን ከበበና ያዘ። አቡ ዘይድ እንደጻፈው ከከተማዋ ሕዝብ ሌላ 120,000 ሙስሊሞች፣ አይሁዶች፣ ክርስቲያኖችና መጁሶች ታረዱ። ቁጥሩ የታወቀው ቻይናውያን ለግብር ሲሉ ሰዉን ይመዘግቡ ስለነበር ነው ይላል። አል መስዑዲ ደግሞ 200,000 ይላል። የዛሬ ታሪክ ተመራማሪዎች ቁጥሩ የተጋነነ ነው ብለው ያስባሉ። ጭፍጨፋው ራሱ ግን ታላቅ እንደነበር፣ የዐረብ መርከቦችም ከዚያ በኋላ ለዘመናት ቻይና ድረስ መሄድ ትተው በመንገድ አጋማሽ፣ በማላይ ባሕረ ገብ ምድር፣ ይገናኙ እንደነበር ይታወቃል። ሁዋንግ ቻኦ የሐር ትል የምትመገበውን የእንጆሪ ዛፍ ሳይቀር አስቆረጠ፤ ወደ ሙስሊም አገሮች የሚሄደው ሐርም ተቋረጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የሞቱት ሰዎች በፍርድ ቤት ቃዲ የነበራቸው፣ በመዝገብ የተጻፉ፣ ግብር የከፈሉ ናቸው። ሕጉ ሲሠራ ከጃንደረባ እንኳ አዳናቸው። ሕጉ ሲፈርስ ግን መጀመሪያ የተፈለጉት እነርሱ ሆኑ፤ ምክንያቱም እንግዳ ናቸው፣ ሀብታም ናቸው ይባላሉ፣ በመልካቸውም ይለያሉ። እንግዳ ነጋዴ የሚኖርበት አገር ሰላም የራሱ ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የባዕዳን ሰፈርና የብርሃን ግንብ

ዘመን አለፈ፤ የሶንግ ሥርወ መንግሥት ተነሣ። በ971 በጓንዡ የባሕር ንግድ መሥሪያ ቤት ተቋቋመና ሙስሊሞቹ ተመለሱ። ሰፈራቸው "ፋንፋንግ"፣ የባዕዳን ሰፈር፣ ይባል ነበር። የራሳቸው አለቃ ነበራቸው። በ1119 ገደማ የጻፈው ዡ ዩ፣ አባቱ በጓንዡ ባለሥልጣን ስለነበር ሰፈሩን በደንብ ያውቀዋል። አለቃው የቻይና ሹም ልብስ እንደሚለብስ፣ ነዋሪዎቹ የአሳማ ሥጋ እንደማይበሉ፣ በእጃቸው ያልታረደ እንደማይቀምሱ ጽፏል። ነፋሱ አልፎባቸው ወይም ወደው የቀሩትን "በቻይና የከረሙ" ይሏቸዋል። እዚያው የተወለዱ ልጆችም ነበሩ።

ከእነዚህ አለቆች አንዱን የቻይና መዛግብት "ሺን ያቱዎሉዎ" ብለው ይጠሩታል፤ ከዑማን የመጣ ነጋዴ ነው። በ1070ዎቹ የጓንዡ ግንብ ሲታደስ ከራሱ ገንዘብ ልስጥ ብሎ ጠየቀ። ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለውም፤ ጥያቄው ግን ተመዝግቦ ቀረ። በ758 መጋዘን የዘረፉትንና በ1070ዎቹ ግንብ ላሠራ ያለውን ሰው ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል።

ከሚያስገቡት ዕቃ ዋናው ዕጣን ነበር። ዕጣኑ የሚበቅለው በደቡብ ዐረቢያና በእኛው የአፍሪካ ቀንድ ነው። በ1225 የቻይና የባሕር ንግድ ሹም የነበረው ዣኦ ሩጓ በጻፈው መጽሐፍ የበርበራን ምድር ይገልጻል፤ ግመሉን፣ ሰጎኑን፣ ቀጭኔውን ሳይቀር። ዡ ዩ ግን ሌላም ነገር ነግሮናል፦ የጓንዡ ሀብታሞች ጥቁር ባሪያዎች እንደነበሯቸው፣ ምግቡ ስለማይስማማቸው ብዙዎቹ ታመው እንደሚሞቱ። ከየት እንደመጡ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፤ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች ነው የሚሉ አሉ፣ ከምሥራቅ አፍሪካም ነው የሚሉ አሉ። በባሕሩ መንገድ ላይ ዕጣንና ሸክላ ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ተጭኖበታል። የነጋዴዎቹን ጀግንነት ስናወራ ስማቸው ያልተጻፈውን እነዚህን ሰዎች አለመርሳት ይገባናል።

የዚያ ሰፈር እምብርት ዛሬም ቆሟል፤ ሁዋይሸንግ መስጂድ ነው። ስሙ "ብፁዕ መምህሩን ማስታወስ" እንደማለት ነው፤ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለማለት ነው። ትውፊቱ በ627 ተሠራ ይላል፤ አጥኚዎች በታንግና በሶንግ ዘመናት መካከል ይከራከራሉ። ከእሳት አደጋ በኋላ በ1350 እንደገና መሠራቱን የሚናገር በዐረብኛና በቻይንኛ የተቀረጸ ድንጋይ አለው። በ1695ም ታድሷል።

ሚናራው 36 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ነጭ፣ ክብ፣ ምንም ጌጥ የሌለው ግንብ ነው። በቻይና ካሉ ጣራቸው ከተደራረበ ሕንፃዎች ጋር አይመሳሰልም። በውስጡ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች ይወጣሉ። ማታ ብርሃን ይበራበት ስለነበር "ጓንግታ"፣ የብርሃን ግንብ፣ ተባለ፤ መርከቦች በወንዙ ሲገቡ ይመሩበት ነበር። ከጫፉ ላይ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ የዶሮ ምስል ነበረ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረ አንድ የቻይና ጸሐፊ በየዓመቱ የመርከቦቹ ወቅት ሲደርስ ባዕዳኑ ጎሕ ሳይቀድ ግንቡ ላይ ወጥተው "የቡድሃን ስም እየጠሩ" ነፋስ እንደሚለምኑ ጽፏል። እርሱ የሰማው የፈጅርን አዛን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ቋንቋውን ስላላወቀ በሚያውቀው ስም ጠራው። እኛም ስለ ሌሎች ስናወራ ስንት ጊዜ እንዲህ እናደርግ ይሆን?

ከዚያ ወዲህ

ቀሪውን በአጭሩ እንለፈው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኢብኑ ባጡጣ ከተማዋን "ሲን ከላን" ብሎ ይጠራታል። በአንድ ወገኗ የሙስሊሞች ከተማ፣ ጁሙዓ መስጂድ፣ ቃዲና ገበያ እንዳለ ይነግረናል። በሚንግ ዘመን ቻይና የግል የባሕር ንግድን ስትከለክል የዐረብ ነጋዴው ቀረ፤ ሙስሊሙ ግን አልቀረም። የቀሩት ተጋብተው፣ ተዋልደው፣ ቻይንኛ ተናጋሪ ሆነው ዛሬ "ሁዊ" የሚባሉት ሆኑ። በ1757 ደግሞ የቺንግ መንግሥት የአውሮፓውያንን ንግድ በጓንዡ ብቻ ወሰነው። ከዚያ እንግሊዞች ኦፒየም ጭነው መጡ፣ በ1839 ጦርነት ተነሣ፣ በ1842 ቻይና በግድ ሌሎች ወደቦቿን ከፈተች።

አሁን ሲሄዱ

የጓንዡ የንግድ ትርኢት ከ1957 ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፀደይና በመከር፣ ይካሄዳል። ለዚያ የሚሄድ ሰው ከሥራው ግማሽ ቀን ቢሰርቅ ይህን ያያል።

ሁዋይሸንግ መስጂድ በጓንግታ ጎዳና ላይ ነው፤ ሺመንኮው በተባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ወርዶ በእግር ይደረሳል። የጉብኝት ሰዓቱ ሊገደብ ስለሚችል ከሰላት ወቅት ጋር አገናኝቶ መሄድ ይሻላል። ጥንታዊው መቃብርና አጠገቡ ያለው ሺያንሺያን መስጂድ ለዩዌሺዩ መናፈሻ ጣቢያ ይቀርባሉ። የጁሙዓ ቀን እዚያ ሲሰገድ ከአፍሪካ፣ ከዐረብ አገሮች፣ ከደቡብ እስያና ከቻይና የመጡ ሰዎች በአንድ ሶፍ ይቆማሉ።

የአፍሪካ ነጋዴዎች የሚበዙት በሺያኦቤይ ሰፈር ነው። የሐላል ምግብ ፈላጊ "ቺንግዠን" የሚለውን ቃል ይጠይቅ፤ "ንጹሕና እውነተኛ" ማለት ነው፣ የቻይና ሙስሊሞች ምግብ ቤቶች በዚሁ ይታወቃሉ። ፓስፖርት ከኪስ አይለይ። ከሆቴል ውጭ፣ በሰው ቤት፣ ያረፈ እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ መመዝገብ አለበት። ቀላል መስሎት የተወ ብዙ ጣጣ ያመጣበታል።

ይህንንም እንጨምር። በሚያዝያ 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በጓንዡ ብዙ አፍሪካውያን ከተከራዩበት ቤትና ከሆቴል ወጥተው ጎዳና ላይ አደሩ፣ ምግብ ቤት አትገቡም ተባሉ። በቤጂንግ ያሉ የአፍሪካ አምባሳደሮች ለቻይና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ከዚያ በኋላ የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣናት አድልዎን የሚከለክል መመሪያ አወጡ። ይህ ከ879 ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ነገር ግን ፍርሃት ሲመጣ ጣት መጀመሪያ ወደ እንግዳው እንደሚቀሰር ያሳያል። የኹራሳኑ ነጋዴ ያደረገውም ትዝ ይበለን፦ አልዘረፈም፣ አላቃጠለም፤ ማስረጃውን ይዞ ወደሚመለከተው ሄደና አቤት አለ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሐሰተኛ ሰነድ፣ ካልተከፈለ ዕዳ፣ ወይም ከአንድ ሰው ማጭበርበር በኋላ "እነዚህ ሐበሾች" ወይም "እነዚህ ሙስሊሞች" የሚባለው ሁሉም ነው። የሺን ያቱዎሉዎ መልካም ጥያቄ በቻይና መዝገብ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቆይቷል፤ የ758ቱ ዝርፊያም እንዲሁ። የሚሄድ ሰው የትኛው ገጽ ላይ እንደሚጻፍ የሚወስነው በሚያደርገው ነው።

ጓንዡ የኖራችሁ ወይም ደርሳችሁ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች ያያችሁትን ጻፉልን። በተለይ ስለ መስጂዶቹ የአሁን ሁኔታ የምታውቁትን ብታካፍሉን ለሚቀጥለው ተጓዥ ይጠቅማል።

ወላሁ አዕለም።